ቁራጭ ሽቦ

በጫጩት መፈልፈያው ግቢ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሁሉም «ቀይ መስመር» ነበር የሚሏት፤ ከኋላዋ ሲሆን ጮክ ብለው፣ አንዳንዴ ደግሞ ሳይታወቃቸው ፊት ለፊቷ። እሷም አትቀየምም። ስሙን ያወጣላት የገዛ ሥራዋ ነውና ማንን ትቀየማለች? በምትሠራው በእያንዳንዱ ሰርኪት ቦርድ መሐል በቀይ የጥፍር ቀለም መስመር ታሰምራለች። ከመስመሩ ወዲህ አውራ ጣት የምታክል ኮምፒውተር አለች፤ ማይክሮኮንትሮለር ይሏታል፤ የመፈልፈያ ማሽኑን ሙቀት እየለካች ትእዛዝ የምትሰጠው እሷ ናት። ከመስመሩ ወዲያ ሬሌይ የሚባለው ማብሪያ አለ፤ የማሞቂያውን ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ቀጭ እያለ የሚያበራና የሚያጠፋው እሱ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሽቦ ግን የለም።

በመሐላቸው ያለው ኦፕቶካፕለር የሚባል ባለአራት እግር ጥቁር ነገር ብቻ ነው። ሆዱ ውስጥ በአንድ በኩል ትንሽ አምፖል፣ በሌላው በኩል ያችን አምፖል የምታይ ዓይን አለች። ኮምፒውተሯ ሙቀት ሲጎድል አምፖሏን ታበራለች፤ ዓይኗ ታያለች፤ ሬሌዩ ቀጭ ይላል። መልእክቱ በብርሃን ይሻገራል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከየቤቱ አይወጣም።

«ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን?» ለሚላት መልሷ አንድ ነበር።

«ሬሌይ ጉልበተኛ ነው። በለቀቀ ቁጥር ይራገጣል። ኮምፒውተሯ ደግሞ ደንጋጣ ናት፤ እርግጫው ከደረሰባት ድርቅ ብላ ትቀራለች። ስለዚህ ለየብቻ ይብሉ!»

ለየብቻ ይብሉ ማለቷ የየራሳቸው አዳፕተር ይኑራቸው ማለቷ ነው። አንድ ቦርድ፣ ሁለት አዳፕተር። አንዱ ይበቃል ብሎ ከሷ ጋር የሚከራከር ሰው ጊዜውን ነው የሚያባክነው። ሁለተኛውን አዳፕተር እንዳይጠፋባት በዚያው በጥፍር ቀለም ጀርባው ላይ ቀይ ነጥብ ታደርግበታለች።

ይህን ሁሉ ከማንም አስቀድሞ ከሷ የተማረው ወንድሟ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ፀጉሩም ከግንባሩ መሸሽ ጀምሯል፤ ቤተሰቡ ግን እስከ ዛሬ «ማሙሽ» ነው የሚለው። እሱ ደግሞ «እትዬ» ይላታል። በአሥር ዓመት ትበልጠዋለች። የመበየጃ ካውያ አያያዝ ያሳየችው እሷ ናት። ሽቦ ሲልጥ ቢላው አውራ ጣቱን ሰንጥቆት ደሙ አልቆም ሲል፣ በመሐረቧ ጠምጥማ ሐኪም ቤት ያደረሰችውም እሷ ናት። ሦስት መሥሪያ ቤት ገብቶ ከሦስቱም በኩርፊያ ሲወጣ፣ የመፈልፈያውን ባለቤት «እኔን ካመኑኝ እሱንም ይመኑት» ብላ የማሽን ተቆጣጣሪ አድርጋ ያስቀጠረችውስ ማን ሆነና!

የመፈልፈያው ባለቤት ድሮ የሥነ ሕይወት መምህርት ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ «ቲቸር» መባሉ ግን አልቀረላቸውም። ነገር አያበዙም። ሲያመሰግኑም ሲቆጡም ድምፃቸው ያው ነው፤ ይኼ ነው ሰውን የሚያስፈራው።

ሰኞ ጠዋት ቲቸር የማሽኑን በር ሲከፍቱ ወላፈን ፊታቸውን ለበለባቸው። ሠላሳ ሰባት ተኩል መሆን የነበረበት ሙቀት አርባ አራት ደርሷል። ውስጥ አንድ ሺህ ሁለት መቶ እንቁላል ነበር፤ አሥራ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው፤ ሊፈለፈሉ ሁለት ቀን ቀርቷቸዋል። ቲቸር አንዱን አንስተው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። በዚህ ቀን ከቅርፊቱ ውስጥ የሚሰማ ነገር ነበር፤ ጫር ጫር የምትል ነገር። ምንም የለም። ሁለተኛውን አነሱ። ሦስተኛውን አነሱ። አራተኛውን ሳያነሱ በሩን ዘጉት።

አልጮሁም። ስልክ ደውለው አስጠሯትና፣ ስትደርስ ማሽኑ አጠገብ እንደቆሙ እንዲህ አሏት።

«ቦርዱን ፍቺና ውሰጅው። ምን እንደሆነ አጣሪ። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትነግሪኛለሽ። ላሠራቸው ያሰብኳቸውን ስምንት አዲስ ማሽኖች የምትሠሪው አንቺ መሆን አለመሆንሽን ያኔ እወስናለሁ።»

ስምንቱ ማሽኖች ለሷ እንዲህ ቀላል ነገር አልነበሩም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው የሠራውን ስትጠግን ኖራለች፤ የሰው ሬዲዮ፣ የሰው ቴሌቪዥን፣ ሰው አበላሽቶ ያመጣላትን ሁሉ። ከባዶ አስባ፣ ነድፋ፣ በእጇ በይዳ «ይሄ የኔ ነው» ያለችው ነገር ቢኖር ይኼ ቦርድ ነው። «የቀይ መስመር ቦርድ እንቁላል ቀቀለ» የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ ደግሞ ማን ደጇን ይረግጣል?

ቦርዱን ስትፈታ ሁለተኛው አዳፕተር አልነበረም። ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ ነበር። «ከማሽኑ ጀርባ ወድቆ ይሆናል፣ እፈልገዋለሁ» አላት። አመነችው። እንዴት አታምነው?

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ቦርዱን ከጠቀለለችበት ጨርቅ አወጣችው። ከላይ ሲታይ ንጹሕ ነው። ቀዩ መስመር እንዳለ አለ፤ የተቃጠለ፣ የለቀቀ፣ የጠቆረ ነገር የለም። ገለበጠችው።

ከሥሩ አንዲት የጣት ርዝመት ያላት መንታ የስፒከር ሽቦ፣ አንዱ ጎኗ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር፣ ከኮምፒውተሯ ወገን ተነስታ ወደ ሬሌዩ ወገን ተሻግራለች። መስመሩን የምታሰምረው ከላይ ብቻ ነበር። ከሥር ማን ይነካብኛል ብላ?

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ ሰው ሁለተኛውን አዳፕተር ነቅሎ ወስዷል፤ ሬሌዩ አልነሳ ሲለው ደግሞ በዚች ሽቦ አማካይነት ከኮምፒውተሯ አዳፕተር አብልቶታል። ኦፕቶካፕለሩ መሐል ላይ ተገትሮ ቀርቷል፤ በፊት ለፊት በር ዘበኛ አቁሞ የጓሮውን በር ወለል አድርጎ መክፈት ማለት ነው። የዚህ ነገር ክፋቱ ደግሞ መሥራቱ ነው። ቀጭ ይላል፣ ይበራል፣ ይጠፋል፤ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሁለት ቀን ይሠራል። በሦስተኛው ቀን ሬሌዩ ይራገጥና እርግጫው በሽቦዋ አልፎ ኮምፒውተሯን ያደርቃታል፤ ድንገት ማሞቂያው እንዲበራ እንዳዘዘች ከደረቀች «አጥፋ» የሚል የለም።

ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ምርመራ አላስፈለጋትም። የሽቦዋ ጫፎች ላይ ሁለት ጠብታ ትኩስ ሙጫ አለ። በዚህች ምድር ላይ ከበየደ በኋላ ሙጫ ጠብ አድርጎ፣ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ጫን የሚያደርግ ሰው አንድ ብቻ ነው የምታውቀው። «እንዳይነቃነቅ ነው እትዬ» ይላት ነበር፤ እሷም ትስቅበት ነበር። ሙጫውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው። የአውራ ጣት አሻራ ታትሞበታል፤ በአሻራው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ በሰያፍ የሚወርድ ጠባሳ አለ። ያንን ጠባሳ ገና ቁስል ሳለ በመሐረቧ የጠመጠመችው እሷ ናት።

ደሟ ፈላ። ስልኳን አንስታ ደወለች፤ ሲያነሳው ግን ድምፁን ስትሰማ ቁጣዋ የት እንደገባ እንጃ።

«ማሙሽዬ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው እትዬ። ምነው በሰላም ነው?» ከጀርባው ሙዚቃ ይንቆረቆራል።

«ስማ፣ ቦርዱን ነክተኸው ነበር እንዴ? ብትነካውም አልቆጣህም። እውነቱን ብቻ ንገረኝ።»

ሙዚቃው ቀነሰ።

«እኔ? ኧረ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! አንቺ የዘጋሽውን ምን ቆርጦኝ እነካለሁ?»

«አዳፕተሩስ ተገኘ?»

«የለም። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ገልብጠሽ አየሽው እንዴ?» አላት።

«ገና ነኝ» አለችው። በሕይወቷ ለወንድሟ የዋሸችው ውሸት ይቺ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ስልኩን ዘጋች። አንጀቷ አርሯል። ዓይኑን ግንባር ያድርገው ብሎ ማለላት እኮ! ግን ደግሞ ከቁጣዋ ኋላ ሁለቱ ልጆቹ ፊቷ ድቅን አሉ፤ አራተኛ ሥራ እንደማያገኝም ታውቃለች። ፈርቶ ነው አለች። ሰው ሲፈራ ይዋሻል። ካውያዋን አሞቀች፤ የሽቦዋን ጫፎች አንድ በአንድ አለቀቀች፤ ሽቦዋ ከነሙጫዋ መጣች። ለቲቸር የምትለውንም እዚያው አሰበች፦ ኮምፒውተሯ ደረቀች፤ ምክንያቱን በእርግጥ አላወቅሁም፤ የኔም ጥፋት አለበት። የስምንቱ ማሽን ነገር እንዳይሆን ሆኖ ሊቀር ይችላል። ይቅር። ሽቦዋን ቆሻሻ ውስጥ ልትጥላት አነሳቻትና፣ ለምን እንደሆነ ራሷም ሳታውቀው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ሦስቱም በቲቸር ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ግድግዳው ሥር ባዶ የእንቁላል ትሪዎች ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ላይ ቦርዱና ቲቸር እንቁላል የሚመረምሩባት ትንሽ ኃይለኛ መብራት አሉ። ወንድሟ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ መጥቷል። እንደተቀመጠ ፈገግ አለላት። እሷም ፈገግ አለችለት፤ አይዞህ ማለቷ ነበር።

«እሺ፣ ምን አገኘሽ?» አሉ ቲቸር።

«ኮምፒውተሯ ደርቃ ነው ማሞቂያው ሳይጠፋ የቀረው፣ ቲቸር። ለምን እንደደረቀች… በእርግጠኝነት መናገር አልችልም።» «የኔ ጥፋት ግን አለበት። እሷ ብትደርቅ እንኳ ሙቀቱ ሲያልፍ በራሱ የሚቆርጥ መከላከያ ማስገባት ነበረብኝ። አላስገባሁም።»

ይኼኛው እውነት ነበር፤ ስትናገረውም ቀለላት። ቲቸር ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ በዚሁ ሊያልቅ ነበር። ወንድሟ ግን ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ቲቸር፣ እትዬ ቅር እንዳይላት እንጂ እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። እነዚያ ሁሉ እንቁላሎች ኅሊናዬን እየቆረቆሩኝ ነው።»

«ተናገር።»

«ቦርዱን ገልብጠው ይዩት። ከሥሩ ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ ሽቦ አለ። ስትበይደው በዓይኔ አይቻታለሁ። ‹እትዬ፣ ይሄ ቀዩን መስመር መጣስ አይሆንም እንዴ?› ብላት፣ ‹አንተ ዝም በል፣ አዳፕተሩ ጠፍቶ ነው፣ ለጊዜው ነው› አለችኝ። ታላቅ እህቴ ናት፤ ምን ልበላት?»

ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ አፉን ሞልቶ ነው የተናገረው። እሷ መጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ መሰላት። ከዚያ እያንዳንዱ ቃል ቦታ ቦታውን ያዘ። አዳፕተሩ ጠፍቶ ነው፤ ለጊዜው ነው። ለራሱ ያለውን ሁሉ ሰብስቦ በሷ አፍ አድርጎታል።

ቲቸር ቦርዱን ገለበጡት።

«የቱ ሽቦ?» አሉ።

ወንድሟ አንገቱን አስግጎ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ለሁለት ሰከንድ ያህል እውነት በሩን ከፍታለት ነበር፤ መግባት ይችል ነበር። እሱ ግን ዓይኑ ቦርዱ ላይ ሲሯሯጥ አዲስ የተነኩትን የሚያብረቀርቁ ነጥቦች አገኘ።

«ይኸው! ይኸው ቲቸር፣ እዚህ ጋ! ትናንት ወይ ከትናንት ወዲያ የተነካ ነው። ነቅላዋለች! ማስረጃ አጥፍታለች!»

ጉዱ እንግዲህ ይኼ ነው፤ ትክክል ነበር።

«ነቅለሻል?» አሏት ቲቸር።

«አዎ።»

«ለምን?»

ወደ ወንድሟ ዞረች። ጊዜ ሰጠችው። የክፍሉ ማራገቢያ ይሽከረከራል፤ እሱ ትሪዎቹን ያያል።

«ማሙሽዬ» አለችው ቀስ ብላ፣ «አንተ ንገራቸው።»

«ምኑን?» አላት።

ሌላ ነገር ቢል፣ ቢሳደብ እንኳ፣ ምናልባት ትችለው ነበር። ያቺ «ምኑን?» ግን ከአንገት በላይ የተባለች፣ የማያውቃት ሴት መንገድ ላይ አስቁማ እንደጠየቀችው ያህል ባዶ ነበረች። ቦርሳዋን ከፈተች። ሽቦዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት።

«እሱን ላድን ብዬ ነው የነቀልኳት» አለች። «ሙጫውን በመብራቱ ይዩት።»

ቲቸር መብራቷን አበሩና፣ ልክ እንቁላል እንደሚያዩ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው የሙጫዋን ጠብታ ብርሃኑ ላይ ያዙ። መስመሮቹ ጥርት ብለው ታዩ፤ በሰያፍ የወረደው ጠባሳም። ብዙ አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ «አውራ ጣትህን አምጣ» አሉት።

እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ቲቸር ተነስተው ወደ ተቆጣጣሪው ክፍል ሄዱ። እህትና ወንድም ብቻቸውን ቀሩ። ቲቸር ሲመለሱ በእጃቸው አዳፕተር ይዘዋል፤ ጀርባው ላይ ቀይ ነጥብ አለበት።

«ሙዚቃ ማጫወቻህ ላይ ተሰክቶ አገኘሁት።»

«ለሁለት ቀን ነበር!» አለ። አሁን ድምፁ እንደ ልጅነቱ ቀጠነ። «የስፒከሩ ተቃጥሎብኝ… ሌላ እስካገኝ ነበር። ደግሞ ሠርቶ ነበር እኮ ቲቸር! ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ዕቃህን ሰብስብ» አሉት ቲቸር።

ሲወጣ ወደ እሷ ዞሩ። የቁጣም የምስጋናም አልነበረም ድምፃቸው፤ ያው ነበር።

«ስምንቱን ትሠሪያለሽ። ግን አንቺም ዛሬ እዚህ የመጣሽው ልትዋሺኝ ነበር። እሱን አልረሳውም።»

«አይርሱት» አለች።

ወንድሟ በሩ ላይ ጠበቃት። ዕቃው በአንዲት ፌስታል አልቋል፤ ስፒከሩ ከላይ ብቅ ብሏል።

«ሽቦዋን ይዘሽ ነው የመጣሽው?» አላት። «ለኔ ወጥመድ ይዘሽ? ይሄን ያህል ጨካኝ ነሽ?»

«አንተ ባታስወጣት ከቦርሳዬ አትወጣም ነበር።»

«አንቺ እኮ ብትባረሪም ሌላ ሥራ ታገኛለሽ! እጅሽ ወርቅ ነው፣ ሰው ሁሉ ያውቅሻል። እኔስ? ትችይዋለሽ ብዬ ነው እኮ!»

ያኔ ነው የገባት። ፈርቶ አልነበረም። የፈራ ሰው አፉ ላይ የመጣለትን ይዋሻል፤ ይሄ ግን ቁጭ ብሎ መዝኗታል። ሸሚዙን እየተኮሰ፣ ጢሙን እየተላጨ፣ ትችለዋለች ብሎ አስልቷል። ዕድሜውን ሙሉ ጎንበስ ብላ የተሸከመችበት ትከሻዋ ለዚህ ሆነ። እንባዋ መጣ፤ ፊቱ ላለማልቀስ ብላ ሳትሰናበተው አልፋው ሄደች።

አመሻሹ ላይ ገና ሳይጨልም ቦርዱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ሁለቱን አዳፕተሮች ሰካች። አምፖሏ በራች፤ ሬሌዩ ቀጭ አለ። እንደገና ቀጭ አለ። ስልኳ ጠራ። እናቷ ነበሩ።

«ወንድምሽን ከሥራ አስወጣሽው አሉ?»

«ማን አለ፣ እማዬ?»

«እሱ ነዋ! እዚህ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ነው የዋለው።»

ቀድሟት ሄዷል። ይሄም አልቀረው።

«ምን እንዳደረገ ነገረሽ?»

«ነገረኝ። ተሳሳትኩ ነው የሚለው፤ ሰው አይሳሳትም? አንቺ ታላቅ አይደለሽም? የእናትሽን ልጅ ለቁራጭ ሽቦ ብለሽ?»

ሽቦዋ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፤ የጣት ርዝመት፣ አንድ ጎኗ ቀይ፣ አንድ ጎኗ ጥቁር፣ ሙጫዋ ላይ አውራ ጣቱ። ስለ ሬሌይ እርግጫ ልትነግራቸው አሰበች። ስለዚያች «ምኑን?» ልትነግራቸው አሰበች። ከየት እንደምትጀምር ግን ጠፋት።

«አዎ፣ እማዬ» አለች። «ለቁራጭ ሽቦ ብዬ።»

እናቷ ስልኩን ዘጉት። እሷ ቦርዱን ከአዳፕተሮቹ ነቀለችው፤ ገለበጠችው፤ የጥፍር ቀለሙን ከፍታ ከሥሩም መስመር አሰመረችበት።